የአራተኛው ፎቅ ሦስቱ ሥልጣናት

ልብስ ሰፊው ዳኛ ሆኖ የተመረጠው በስፒል ምክንያት ነው። ሥራ ላይ ሲሆን አምስት ስድስት ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ስለሚውል አፉን መክፈት አይችልም። የሕንፃው ነዋሪዎች ሱሪ ሊያሳጥሩ በመጡ ቁጥር ሆዳቸውን ዘርግፈውለት ይሄዳሉ፤ ባል ሚስቱን ያማል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይከሳል፣ እሱ እየለካ ዝም ይላል። ይህ ለዓመታት ከዘለቀ በኋላ በአሥራ ስምንቱ ቤቶች ውስጥ «እንደሱ የሚያዳምጥ፣ እንደሱ የማያዳላ ሰው የለም» የሚል ስም ወጣለት። ዳኛ ይመረጥ ሲባል አሥራ ስድስት እጅ ተነሣ። ያላነሡት እሱ ራሱና አናጺው ነበሩ።

የሕንፃውን ደንብ የጻፉት በሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሥልጣን በአንድ እጅ ሲከማች ምን እንደሚከተል ለተማሪ ሲያስረዱ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚያስረዱት ሰው አጡ። ስለዚህ ሕንፃውን አገር አደረጉት። ደንብ የሚያወጣ ባለ አምስት አባል ጉባኤ፣ ደንቡን የሚያስፈጽም አንድ አስተዳዳሪ፣ በደንቡ ሲጣሉ የሚፈርድ አንድ ዳኛ። አንዱ የሌላውን ሥራ አይነካም፤ ዓይኑን ግን ከሌላው ላይ አያነሳም። ይህን ሁሉ በአርባ ሦስት አንቀጽ አስፍረው፣ አስጠርዘው፣ ለየቤቱ አንድ አንድ አደሉ። ብዙው ቤት የድስት ማሳረፊያ አድርጎታል።

አንድ ነገር ግን አላሰቡም። ምርጫዎቹ የተደረጉት በተለያየ ዓመት ነውና፣ ማንም ልብ ሳይለው የጉባኤው ሰብሳቢ የልብስ ሰፊው አማት ሆኑ፤ አስተዳዳሪዋ የልብስ ሰፊው ሚስት ሆነች፤ ዳኛው ልብስ ሰፊው ሆነ። አማትየዋን ሰው የመረጣቸው ስለሚፈራቸው ነው። ሚስትየዋን የመረጣት የቧንቧ ሠራተኛ «እመጣለሁ» ብሎ በእውነት የሚመጣው ለእሷ ብቻ ስለሆነ ነው። ሦስቱም በአራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

መምህሩ ነገሩ የገባቸው አንድ ቀን መዝገብ ሲያገላብጡ ነው። በሦስቱ ፊርማዎች ሥር አንድ የቤት ቁጥር አዩ። ሦስት ቀን አልጋ ላይ ዋሉ። ሲሻላቸው አርባ አራተኛውን አንቀጽ ጽፈው አመጡ፤ «ሦስቱ አካላት ከስብሰባ ውጭ ስለ ሕንፃው ጉዳይ አይነጋገሩም።»

ከዚያ ወዲህ የአራተኛ ፎቅ ምሳ ጸጥ አለ። ሚስትየዋ ረስታ «ፓምፑ ዛሬ…» ስትል አማትየዋ ሳህኑን በማንኪያ ቸብ ያደርጉታል። ለዳኛው የምትለው ካላት በደብዳቤ ትጽፋለች፤ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ማኅተም ትመታበታለች፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፈዋለች። እሱም አንብቦ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርምበታል። አንድ ጊዜ «ስትመጣ ሽንኩርት ያዝ» የሚል ወረቀት ላይ ፈርሞ ፋይል ውስጥ አስቀመጠው። የዚያን ቀን ወጥ ያለ ሽንኩርት ተሠራ።

ነገር የመጣው በአናጺው መጋዝ ነው።

አናጺው የሚኖረው አንደኛ ፎቅ ነው። ሳንቃ የሚሰነጥቀው ግን ደረጃው ማረፊያ ላይ ነው፤ «ቤቴ ውስጥ ብሠራ ሚስቴ ከነመጋዜ ትወረውረኛለች» ይላል። የኤሌክትሪክ መጋዙ ሲነሣ የሕንፃው መስኮት ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ የእንጨት ብናኝ በየበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። ከፊት ለፊቱ ያለችው አራስ ለጉባኤው አቤት አለች። ጉባኤው ተሰብስቦ በሃያ ደቂቃ ደንብ አወጣ፤ «በሕንፃው የጋራ ክፍል ውስጥ ድምፅ የሚያወጣ ማንኛውንም የሥራ መሣሪያ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።» አራሷ አመሰገነች፣ ተጨበጨበ፣ ሻይ ተጠጣ።

ልብስ ሰፊው ደንቡን ያነበበው በማግሥቱ ጠዋት፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ዘወር ብሎ የገዛ በሩን አየ። የሚሰፋበት ክፍል ከደረጃው ሥር ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጉባኤው በፈቃድ የሰጠው፣ የጋራ የሆነ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው የሥራ መሣሪያ ነው። ድምፅም ያወጣል። ደንበኞቹ ደግሞ ጉልበታቸው የደከመ ሽማግሌዎችና ለሥራ የሚቸኩሉ ሾፌሮች ናቸው፤ አዝራር ለማስተከል አራት ፎቅ የሚወጣ ሰው ከመካከላቸው የለም። ክፍሏ ከተዘጋች እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው።

ለምሳ ሲወጣ ማቀዝቀዣው ላይ ደብዳቤ ጠበቀው። «ለክቡር የሕንፃው ዳኛ። አዲሱን ደንብ ለማስፈጸም፣ የአናጺውም የእርስዎም የሥራ ቦታ እንዲዘጋ መሥሪያ ቤታችን የሚገደድ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» መሥሪያ ቤቱ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ሾርባ ያማስላል።

«አንቺ…» አለ።

«በደብዳቤ» አለች፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል።

ወደ አማቱ ዞረ። «እማማ፣ ‹ማንኛውም› ስትሉ እኮ…»

«ሾርባ እየጠጣሁ ነው» አሉ አማትየዋ።

አናጺውም አልተኛለትም። ሁለት መስመር ክስ ጽፎ በስፌት ክፍሉ በር ሥር አስገባ፤ «ደንቡ ይሻር። ካልተሻረ የዳኛውም መኪና አብሮ ይዘጋ።» ጉባኤው በአስቸኳይ ተጠራ። ስብሰባው የሚደረገው ምድር ቤት ኮሪደሩ ላይ ስለሆነ ሰው ሁሉ የየራሱን ወንበር ተሸክሞ ወረደ።

«ዳኛ በራሱ ጉዳይ አይዳኝም፤ አንቀጽ ሃያ ሰባት!» አሉ መምህሩ። ፊታቸው በርቷል። «ታላቅ ጥያቄ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሣብኝ ተማሪ የለም።»

«ጋሼ፣ እኔ ክፍሌ ሊዘጋ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«እሱም አለ» አሉ መምህሩ።

«ታዲያ ለዚህ ጉዳይ ብቻ ሌላ ዳኛ ይሾማ» አለ ከጉባኤው አባላት አንዱ፣ ፖስተኛው።

«ማነው የሚያቀርበው?» ሲል አናጺው ጠየቀ።

«አስተዳዳሪዋ።»

«የሚያጸድቀውስ?»

«ጉባኤው።»

አናጺው ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «እሰይ! ሚስቱ ታቀርባለች፣ አማቱ ያጸድቃሉ። የሚሾመውስ ማነው? አክስቱ?»

«አክስቱ ሌላ ከተማ ነው ያሉት» አለች ሚስትየዋ ኮስተር ብላ።

ኮሪደሩ በሳቅ ተናጋ። አማትየዋ ብቻ አልሳቁም፤ ልብስ ሰፊውም አልሳቀም። መሬት መሬት ሲያይ ቆይቶ እጁን አወጣ።

«ክሱ ሁለት ነው» አለ። «አንዱ የመጋዝ፣ አንዱ የመኪና። የሱን እኔ ልዳኝ። የኔን እሱ ይዳኝ።»

አናጺው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። መምህሩ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ገለበጡት፤ የሚከለክል አንቀጽ አጡ። አራት ለአንድ ጸደቀ። የመጋዙ ችሎት ለሐሙስ፣ የመኪናው ለዓርብ ተቀጠረ።

ረቡዕ ጠዋት አናጺው ስፌት ክፍሉ ገብቶ በሩን ከኋላው ዘጋ። ልብስ ሰፊው የልብስ መለኪያው አሻንጉሊት ላይ ካፖርት ሰቅሎ ጠርዙን በስፒል እየያዘ ነበር። ስድስት ስፒል አፉ ውስጥ ነው።

«አትናገር፤ ብቻ ስማኝ» አለ አናጺው። «አንተ ለኔ፣ እኔ ላንተ። ሐሙስ መጋዜን ትለቅልኛለህ፣ ዓርብ መኪናህን እለቅልሃለሁ። ደንቡ ይሙት፤ እኛ እንኑር። ማን ሊያውቅ?»

ልብስ ሰፊው ስፒሉን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ። አንድ። ሁለት።

«ተስማማን?»

ሦስት። አራተኛው ከንፈሩን ወጋው፤ አንገቱ ሳያስበው ዝቅ አለ።

«ወንድ!» አለ አናጺው፤ ጀርባውን መታ አድርጎት ወጣ። ልብስ ሰፊው ስድስተኛውን አውጥቶ «አይሆንም» ሲል የሰማው አሻንጉሊቱ ብቻ ነበር።

ሮጦ ሊደርስበት ይችል ነበር። አልሮጠም። ከንፈሩን እየመጠጠ ቁጭ አለ፤ ያንን የአንገት ንቅነቃ እንደ ጨርቅ ሲያገላብጠው ዋለ። ፊቱም ጀርባውም ያምር ነበር። ክፍሏ ትተርፋለች፤ አናጺው ይደሰታል፤ አራሷ ደግሞ ሕፃኗ ማደጉ አይቀርም። ሲመሽ ካፖርቱ አላለቀም።

ሐሙስ ዕለት ችሎቱ ደረጃው ማረፊያ ላይ ቆመ። አናጺው ዘና ብሎ፣ መጋዙን አቅፎ ፈገግ ብሏል። ልብስ ሰፊው የደረጃውን ጠርዝ በመዳፉ ጠረገው፤ ብናኙ እንደ ዱቄት እጁ ላይ ቀረ። ከዚያ የአራሷን በር አየ። በሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ተጠቅጥቋል።

«አስነሣው» አለ።

«ምኑን?»

«መጋዙን። ልስማው።»

አናጺው አስነሣው። መስኮቶቹ ተንቀጠቀጡ። ከበሩ ኋላ ሕፃኑ ጮኸ፤ መጋዙ ሲጠፋም ሕፃኑ አልጠፋም። አራሷ በሩን ከፈተች፤ ጸጉሯ አልተበጠረም፤ ልብስ ሰፊውን አየችው።

«መጋዙ ከደረጃው ይነሣል» አለ ልብስ ሰፊው። ድምፁ እንደ ክር ቀጥኗል። «ደንቡ የወጣው ለዚህ ነው።»

የአናጺው ፈገግታ ከፊቱ ለመውረድ ጊዜ ወሰደበት። «ነቅንቀህልኝ የለም እንዴ!»

«ስፒል ወግቶኝ ነው።»

«ምኑን ነው የነቀነቀልህ?» አሉ አማትየዋ ከላይኛው ደረጃ።

አናጺው አፉን ከፈተ። መልሱን ከመናገሩ በፊት ምን ማለት እንደሆነ ገባው፤ አፉን ዘጋ። «ምንም» አለ። «አንገቱን ነው።»

በዚያ ምሽት ልብስ ሰፊው እራት አልበላም። ሕንፃው ሁሉ የዓርቡን ፍርድ ሐሙስ ላይ ጨርሶታል፤ አናጺው እንደሚበቀል ያልጠረጠረ የለም።

ዓርብ ግን አናጺው ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ያለው አንድ ሙሉ ልብስ ነው፤ እጅጌውን ያሳጠረለት ልብስ ሰፊው ነው። ስፌት ክፍሉ ገብቶ ዞር ዞር አለ። መኪናው ያለበትን ጠረጴዛ ነካካው፤ እግሩ መላላቱን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ብርጭቆ ውሃ አስመጥቶ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አኖረ።

«ስፋ» አለ።

ልብስ ሰፊው ሰፋ። አናጺው ጎንበስ ብሎ ብርጭቆውን አየ። ውሃው አልተንቀሳቀሰም። ወደ ላይ ተጣርቶ «አንቺ አራስ፣ ትሰሚዋለሽ?» አለ።

«የቱን?» አለች አራሷ።

ኮሪደሩ ተንፈስ አለ። ሚስትየዋ የባሏን ክንድ ልትይዝ እጇን ዘርግታ፣ አስተዳዳሪነቷ ትዝ ብሏት መለሰችው። አናጺው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

«ይህ መኪና ማንንም አይረብሽም» አለ። «ይህን መዝግቡልኝ። ደንቡ ግን ‹የሚረብሽ› አላለም፤ ‹ድምፅ የሚያወጣ› ነው ያለው። ያወጣል። ሰምቼዋለሁ። ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ያወጡት እዚያ ተቀምጠዋል።» በእርሳሱ አማትየዋን አመለከተ። «ይዘጋ።»

መምህሩ ብቻቸውን ተነሥተው አጨበጨቡ።

ልብስ ሰፊው አናጺውን ሊጠላው ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያደረው ፍርድ፣ ቃል በቃል፣ ይኸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስተዳዳሪዋ ቁልፍና ማኅተም ይዛ ወረደች። በሩን ቆለፈች፣ ወረቀት ለጠፈች፣ ፈረመች፣ አስፈረመች። ከዚያ ማኅተሙን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ውጭ የተቀመጠውን መኪና በአንድ ወገን ያዘች።

«አሁን የምትሸከሚው እንደ አስተዳዳሪ ነው እንደ ሚስት?» አላት።

«ዝም ብለህ አንሣ።»

አራት ፎቅ ወጡ። መኪናው የሚቆምበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የአማትየዋ አልጋ ራስጌ።

እውነቱን ለመናገር ልብስ ሰፊው በልቡ አንድ ተስፋ ሸሽጓል። ደንቡን ያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ጆሯቸው ሥር ጠዋትና ማታ ሲንደቀደቅባቸው ደንቡን ራሳቸው ያሻሽሉታል። በማግሥቱ ከቁርስ በኋላ ወፍራም ሸራ መርጦ፣ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ ጀመረ። ሰረቅ አድርጎ አያቸው።

አማትየዋ ተኝተዋል።

ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ አራት ዓመት እንቅልፍ በዓይናቸው አልዞረም ነበር። ሐኪም ሞክሯል፣ ሙቅ ወተት ተሞክሯል። አሁን አፋቸውን በስሱ ከፍተው፣ እጃቸውን ጉንጫቸው ሥር አድርገው፣ ሕፃን መስለዋል። መኪናው ቆም ሲል ግንባራቸው ይቋጠራል፤ ሲቀጥል ይፈታል። ልብስ ሰፊው በቀስታ ሸራውን አስቀምጦ ሸሚዝ አነሣ።

ሥራው ግን እየሞተ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከታች ሆነው «ደርሷል ወይ?» ብለው ይጮኻሉ፤ ልብሳቸውን በቅርጫት ያወርድላቸዋል፤ ጠቧቸው ከሆነ በቅርጫት ይመልሱታል። አንድ ሾፌር አንድ ቀን ጨክኖ ወጣ፤ ወጥ ቤት ገብቶ ሱሪ ሲለካ አማትየዋ ውሃ ሊቀዱ ገቡበት። ያ ሾፌር ዳግመኛ አልመጣም። በሁለተኛው ሳምንት ደብተሩ ላይ ሦስት የደንበኛ ስም ብቻ ቀረ።

ጩኸቱ የከበደው ሌላ ሰው ላይ ነው። ስፌት ክፍሉ መሬት ላይ ያረፈ ነበር፤ አራተኛው ፎቅ ግን ያረፈው በመምህሩ ጣሪያ ላይ ነው። መምህሩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በነጠላ ጫማ፣ ደንቡን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

«ደንብ ጥሰሃል!»

«የቱን፣ ጋሼ?» አለ ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ አማቱ ተኝተዋል።

መምህሩ ገለበጡ። ክልከላው ለጋራ ክፍል ብቻ ነው። ወደ ኋላ ገለበጡ። አንቀጽ ሦስት፤ «የነዋሪ ቤት አይደፈርም፤ በቤቱ ውስጥ የሚሠራውን ማንም አይጠይቀውም።» ደንቡን ዘጉት።

«ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈው!»

«እርስዎ።»

መምህሩ ወርደው አቤቱታ ጻፉ። «ድምፅ የሚያወጣ» የሚለው ይውጣ፣ «የነዋሪን ሰላም የሚነሣ» የሚለው ይግባ። ወንበሮች እንደገና ወረዱ። ፖስተኛውና አንዲት ነርስ ደገፉ። ሁለቱ ሌሎች አባላት፣ በወር ውስጥ ደንብ አውጥቶ መሻር መሳቂያ ያደርገናል ብለው ተቃወሙ። ሁለት ለሁለት ሆነ፤ የሰብሳቢዋ ድምፅ ቀረ።

መምህሩ በገዛ አቤቱታቸው ላይ እጃቸውን አወጡ፤ ላቦት በግንባራቸው ወርዷል። «ይቅርታ ይደረግልኝና… ሰብሳቢዋ በዚህ ጉዳይ ጥቅም አላቸው። የአማችነት ጥቅም። መናገር ግዴታዬ ነው።»

«ጥቅም?» አሉ አማትየዋ። «ጥቅሜ በየት በኩል እንዳለ ያውቃሉ፣ መምህር?»

መምህሩ አላወቁም። ከልብስ ሰፊው በቀር ያወቀ አልነበረም። እሱ ደግሞ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ጫማውን ያያል። በዚያ ሰዓት ቀና ብሎ ቢያያቸው መለመን ይሆንበታል፤ የአራት ዓመት እንቅልፍ ደግሞ የሚለመን ነገር አይደለም። ድምፃቸውን ቢከለክሉኝም ይከልክሉኝ ብሎ የወሰነ ሰው ይመስል አንገቱን እንደደፋ ቀረ።

አማትየዋ የተደፋውን አንገት አዩ።

«ያን ደንብ በሃያ ደቂቃ ነው ያወጣሁት» አሉ በመጨረሻ። «ሻዩ እየቀዘቀዘብኝ ነበር። ስሕተቱ የኔ ነው፤ የሰውየው አይደለም።» እጃቸውን አነሡ። «ሦስት ለሁለት። ጸድቋል። አንተ አናጺ፣ አትቁለጭለጭ፤ የአንተው መጋዝ አሁንም ሰላም ይነሣል።»

«የጓሮውን ቆርቆሮ ቤት እሰጠዋለሁ» አለች አስተዳዳሪዋ። «ይህ የእኔ ሥልጣን ነው፤ ጉባኤው አይግባበት።»

«ማን ገባበት?» አሉ እናቷ።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ወረደ። በአንድ ወገን የያዘው አናጺው ነው፤ ሲጨርስ የጠረጴዛውን የላላ እግር በሁለት ሚስማር አጠበቀለት፤ ምስጋናም አልጠበቀም። ከረፋዱ በፊት አምስት ደንበኛ ገባ። ልብስ ሰፊው ስፒሎቹን ነክሶ ለካ፣ ቆረጠ፣ ሰው ሁሉ ሆዱን ዘረገፈለት።

አራት ሰዓት አካባቢ ደረጃው ላይ የዘገየ ኮቴ ተሰማ። አማትየዋ ናቸው፤ ትራስ በብብታቸው ይዘዋል። ከኋላቸው መምህሩ ደንቡን እየገለበጡ ይከተሏቸዋል።

«የሕግ አውጪው ሰብሳቢ በሕግ ተርጓሚው የሥራ ቦታ መተኛት… እስቲ ይቆዩኝ… አንቀጽ…»

«መምህር፣ አንቀጽ ካገኙ ይቀስቅሱኝ» አሉ አማትየዋ። የደንበኛውን ወንበር ግድግዳው ጥግ ሳቡት፣ ትራሱን አስደገፉ፣ ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ።

ልብስ ሰፊው የያዘው የሸሚዝ ኮሌታ ነበር። ኮሌታ መኪናው እየቆመ እየተነሣ፣ ጨርቁ እየዞረ ነው የሚሰፋው። ወደ ጎን አደረገው። ከመደርደሪያው ላይ ለክሊኒኩ የታዘዘውን መጋረጃ ሳበ፤ ስምንት ሜትር፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ማጠፊያ የሌለው። በመርፌው ሥር አሳለፈውና ፔዳሉን ረገጠ።